ባዶ የነበረ ቃል እንዴት ምስጢር ሆነ?

መነሻው ፖስት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ የቃል ጉዳይ እንቅልፍ ነሥቶኛልና እስቲ አብረን እንየው።

ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሰኞ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቷን ገልጣ «ሳይፈር» የሚለውን ቃል አሳየችኝ። አንዱ ፍቺው ዜሮ ነው። ዝቅ ሲል ደግሞ ምስጢራዊ ጽሑፍ ይላል። «ምንም» ማለት የሆነ ቃል እንዴት የሚደበቅ ነገር መጠሪያ ይሆናል ብላ ያዘችኝ። ነገ እነግርሻለሁ አልኳትና ሳነብ አመሸሁ።

ያገኘሁት ይህን ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሕንዶች የባዶውን ቦታ ምልክት በሳንስክሪት «ሹንያ» ይሉታል፤ ባዶ ማለት ነው። ሊቃቸው ብራህማጉፕታ በ628 ከዚህ ባዶ ጋር እንዴት እንደሚደመርና እንደሚቀነስ ሕግ ጽፎለታል። ዐረቦች ቁጥሩን ሲወስዱ ቃሉን አልወሰዱትም፤ ተረጎሙት። «ሲፍር» አሉት። እሱም ባዶ ነው።

ከዚያ የፒሳው ሊዮናርዶ ፊቦናቺ መጣ። አባቱ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ባለችው ቡጂያ የፒሳ ነጋዴዎችን ጉዳይ ያስፈጽም ነበር። ልጁም የሕንዶቹን ቁጥር የተማረው እዚያ ነው። በ1202 በጻፈው «ሊበር አባቺ» ላይ ዘጠኙን ቁጥሮች ደርድሮ 0ን ጨመረባቸው። ስሙንም ዐረቦች «ዜፊሩም» ይሉታል ብሎ ጻፈ። «ዜፊሩም» በጣልያን አፍ «ዜፊሮ»፣ ቀጥሎም «ዜሮ» ሆነ። ያው የኛው ዜሮ። ይኸው ሲፍር በሌላ መንገድ በላቲን «ሲፍራ» ተባለና የፈረንሳዩን «ሺፍር»፣ የጀርመኑን «ጺፈር»፣ የእንግሊዙን «ሳይፈር» ወለደ። ዜሮና ሳይፈር የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ታዲያ ምስጢሩ ከየት መጣ? የኔ እምነት ይህ ነው። በ1299 የፍሎረንስ ገንዘብ መንዛሪዎች ማኅበር አባላቱ በሒሳብ መዝገባቸው በእነዚህ ቁጥሮች እንዳይጽፉ ከለከለ። ነጋዴው ግን ለሥራው ስለሚቀለው ተደብቆ መጻፉን ቀጠለ። ቁጥሩ ራሱ ምስጢር ሆነ፤ ስሙም አብሮት። የተሳሳትኩ ከመሰላችሁ አርሙኝ።

ይህን ከለጠፍኩ አራት ቀን ሆነው። ምላሹ 31 ደርሷል። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች በየተራ ቁጥራቸው ልተርካቸው።

1ኛው ምላሽ የመጣው ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ጸሐፊው የኳስ ሰው ነው። ካመሰገነኝ በኋላ እኔ ያላየሁትን አሳየኝ። እኛ ስልክ ስንናገር ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አንድ እንላለን። የጨዋታ ውጤት ስንናገር ግን ሁለት ለባዶ ነው የምንለው። ሕንዶች ሹንያ፣ ዐረቦች ሲፍር ያሉትን እኛም ሜዳ ዳር ቆመን በራሳችን ቃል ብለነዋል። ሐሳቡ በጣም ነው ያስደሰተኝ። ለልጄ መጀመሪያ የነገርኳትም እሱን ነው።

2ኛዋ ጅዳ ቤት ውስጥ የምትሠራ እህት ናት። እዚያ የሞባይል ቁጥር በ05 ይጀምራል። በመጣች በሳምንቷ ማዳሟ ስልክ ጻፊ ብላ ስታስይዛት «ሲፍር ኸምሳ» አለቻት። እሷም ሲፍርን ዘለለችውና 50 ብላ ጻፈች። ኸምሳ በዐረብኛ አምስት መሆኑን ማን ነግሯት! ስልኩ ሦስት ጊዜ ተደውሎ አልገባ ሲል ነው የተረዳችው። እስከ ዛሬ ሲፍር የሚለውን ቃል ስትሰማ ያች ወረቀት ትዝ ትላታለች።

3ኛው ናይሮቢ የኖረ ሰው ነው፤ በእሷ ታሪክ ላይ የራሱን ደረበበት። በስዋሂሊ ዜሮ «ሲፉሪ» ነው። የስልክ ቁጥራቸው በ07 ሲጀምር «ሲፉሪ ሳባ» ይላሉ። ሳባ ሰባት ነው። እሱ ግን ሰባ መስሎት ነበር። ሲፉሪም ሳባም ከዐረብኛ የገቡ ናቸው።

እስከዚህ ፍቅር ነበር። 4ኛው ምላሽ ገባና ነገሩ ሞቀ። ጸሐፊው ቃሉ የኛ ነው ብሎ ነው የተነሣው። ሰፈረ ብለን እህል እንሰፍራለን፤ ስፍር ቁጥር የሌለው እንላለን፤ ስለዚህ ሲፍር ከግእዝ ወደ ዐረብ የሄደ ነው፣ ፈረንጅና ዐረብ ሰርቀውናል ነው ነገሩ። ማስረጃ አልጨመረም። በርትቶ ግን ጽፏል፤ ብዙ ሰውም ወዶለታል።

5ኛው እስራኤል የሚኖር ወንድም ደገፈው። በዕብራይስጥ አሃዝ «ስፍራ»፣ መጽሐፍ «ሴፈር»፣ መቁጠር «ሊስፖር» ነው። ዜሮ ግን «ኤፌስ» እንደሚባል ራሱ ጨምሯል። ያቺን ማንሣቱ ትልቅ ሐቀኝነት ነው፤ ለሚከራከርለት ሐሳብ አትጠቅመውምና።

6ኛው የዐረብኛ መምህር ናቸው። አነጋገራቸው የአባት ነው፤ ሁለቱንም ልጆቼ እያሉ ነው ያረሟቸው። ነገሩን የሚፈታው የመጀመሪያው ፊደል ነው ይላሉ። የዜሮው ሲፍር የሚጻፈው በሷድ ነው። ሷድ የኛ የጸሎቱ ጸ ወንድም ነው። ሶላትን ከጸሎት፣ ሶውምን ከጾም ጋር አስተያዩ አሉ። ሰፈረ ግን በእሳቱ ሰ ነው የሚጻፈው፤ ከዕብራይስጡ ሴፈር ጋር የሚገጥመውም እሱ ነው። ዐረብኛም በሲን የሚጻፍ ሌላ «ሲፍር» አለው፤ ትርጉሙ መጽሐፍ ነው። አማርኛ ፊደል ላይ ሲወርዱ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ዐረብኛው ላይ ግን አይገናኙም። ባለ ሷዱ ሥር ባዶ መሆንን ይናገራል። የሂጅራው ሁለተኛ ወር ሶፈርም በእነዚያው ሦስት ፊደላት ነው የሚጻፈው። ቤቶች ባዶ ይቀሩበት ስለነበር ነው የሚል ማብራሪያ በሊቃውንቱ ዘንድ አለ። ከዚህ ክር ሁሉ ለኔ በፊደል ደረጃ ነገሩን ቁልጭ ያደረገው ይህ ምላሽ ነው።

7ኛው የ4ኛው ሰው መልስ ነው። ተቆጥቷል። የራሳችንን ለሌላ የምንሰጠው እስከ መቼ ነው የሚል ነው። ከ8 እስከ 10 ስድብ ቀረሽ ንግግር ተመላልሷል፤ አድሚኑ ሁለቱን አጥፍቷል። እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ሰፈረ ድንቅ ቃል ነው። ቁና ይዞ ጤፍ የሚሰፍር ሰው ያየ ሁሉ ክብደቱን ያውቃል። የሌላ ቃል አባት ካልሆነ አያንስም።

11ኛው ወደ እኔ ዞረ። ስለታም ነው። ስለ ፍሎረንስ የጻፍኩትን አንድ በአንድ በተነው። የ1299ኙ ክልከላ እውነት ነው። ግን የአንድ ማኅበር የመዝገብ ሕግ ነው፤ ገንዘቡ በፊደል ይጻፍ ነው የሚለው። የሚሰጠው ምክንያትም አዲሱ ቁጥር ለማጭበርበር ይመቻል የሚል ነው፦ 0ን ጭራ ቀጥለህ 6 ወይም 9 ታደርገዋለህ። ከዚያ ቀኖቹን ደረደረልኝ። በእንግሊዝኛ «ሳይፈር» ዜሮ ማለት የሆነው በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ምስጢራዊ ጽሑፍ ማለት የሆነው ግን በ16ኛው ነው። ጣልያን አገር ቃሉ የምስጢር ጽሕፈት ስም ሆኖ የምናገኘው በ15ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ነጋዴው ሁሉ በአዲሱ ቁጥር በግልጽ ይጽፋል። ታዲያ የተደበቀው ነጋዴ የት አለ? በመጨረሻም ሰው ያማረ ታሪክ ሲያገኝ ቀን ማየት ያቆማል ብሎ ዘጋው።

12ኛው የኔ ነው። አንገበገበኝ፤ ግን ትክክል ነው። ልክ ነህ አልኩት። የኔን መንገድ ካልተቀበልክ የቃሉን መንገድ አንተ አሳየኝ ብዬም ጠየቅሁት።

13ኛው አሳየኝ፤ ያው ሰው ነው። ቃሉ መጀመሪያ የዜሮ ብቻ ስም ነበር። በአውሮፓ አፍ ግን እየሰፋ ሄደ፤ ከ0 እስከ 9 ያሉት ሁሉ በስሙ ተጠሩ። ጀርመን ዛሬም «ጺፈር» የሚለው ማናቸውንም አሃዝ ነው፤ ሩሲያም «ፂፍራ»። ዜሮው ስሙን ለወንድሞቹ ሰጥቶ ራሱ ሌላ ስም ያዘ፤ ፈረንሳይ የጣልያኑን ዜሮ ወሰደች፣ ጀርመን «ኑል» አለችው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን መደበቅ የፈለገ ሰው በፊደል ፈንታ ቁጥርና ምልክት መጻፍ ጀመረ። በቁጥር የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ በቁጥሩ ስም ተጠራ። ከዜሮ ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ተደበቀ ደብዳቤ። የተከለከለ ነጋዴ አያስፈልገውም።

14ኛው ለኔ የክሩ ልብ ነው። ጸሐፊው ድሮ በወታደር ቤት የሬዲዮ ኦፕሬተር የነበሩ አባት ናቸው፤ ልጃቸው እየሰማ የጻፈላቸው ይመስላል። ጠዋት ጠዋት መልእክት ሲላክ የቦታ ስም አይነሣም ነበር። ለእያንዳንዱ ቦታ አራት አሃዝ አለ፤ አሃዙም በየጊዜው ይቀየራል። በመካከሉ ግን ምንም ትርጉም የሌላቸው አራት አሃዞች ይሰገሰጋሉ። ባዶ ነበር የሚሏቸው። ጠላት ሲሰማ ቁጥሩን ሁሉ እኩል እንዲለፋበት ነው። መጽሐፉን የያዘው ሰው ባዶውን አውቆ ይዘለዋል። አንድ ሌሊት አዲስ የመጣ ልጅ ይህን ሳይነገረው ተቀበለ። አንዷን አራት አሃዝ ፍለጋ መጽሐፉን በፋኖስ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ገለጠው። ሲነጋ አጠገባቸው መጥቶ ቦታው ጠፋብኝ ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። ባዶ መሆኗን ሲነግሩት ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ።

15ኛው ሚላኖ የሚኖር ሰው ነው፤ ወዲያው ከዚያ ላይ ያዘው። የሳቸው ባዶ የስድስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ዘዴ ነው አለ። የጣልያን ከተሞች እርስ በርስ መልእክተኛ ሲላላኩ ደብዳቤው ላይ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶችን ይቀላቅሉ ነበር። «ኑላ» ይሏቸዋል፤ ምንም ማለት ነው። ጀርመን ለዜሮ የሰጠችው ስምም ከዚሁ ከላቲኑ ቃል ነው። የማንቱዋ ሰዎች በ1401 አንድን አናባቢ በአንድ ምልክት ብቻ መጻፍ ትተው ለእያንዳንዱ ብዙ ምልክት ሰጥተውታል። ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ ደግሞ በ1460ዎቹ ስለ ምስጢር ጽሕፈት ሲጽፍ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚዞር ክብ ሰሌዳ ሠራ። የጽሑፉ ርእስ ላይ ያለው ቃልም ያው ሲፍራ ነው።

እዚህ ቆም አልኩ። ዜሮ ብቻውን ምንም ነው፤ ከ5 ጎን ሲቆም ግን 50 ያደርገዋል። የሬዲዮው ባዶም ብቻውን ምንም ነው፤ መካከል ሲገባ ግን አንድ ሌሊት ያስለፋል። የቃሉ ትርጉም የተቀየረው በዚህ ምክንያት ነው እያልኩ አይደለም፤ 13ኛው መንገዱን አሳይቶናል። ግን ባዶው በሁለቱም ቤት ሥራ አለው።

ከ16 እስከ 19 ወደ ግእዝ ቁጥር ተዞረ። አንዱ ቁጥራችን ዜሮ የሌለው ኋላ ቀር ስለሆነ ነው አለ። ሌላው ሰማዕት ሊሆንለት ተነሣ። ሁለቱም ነገሩን ስተውታል። መልሱን አጥርታ የሰጠችው 18ኛዋ የሒሳብ መምህርት ናት። የግእዝ ቁጥር ከግሪክ ፊደል ቁጥሮች የመጣ ነው። ለአሥር ፲፣ ለሃያ ፳፣ ለመቶ ፻ ብሎ ለየራሳቸው ምልክት ይሰጣል። 105ን ፻፭ ብሎ ጨረሰ። ባዶ የሚቀር ቤት ስለሌለ ባዶውን የሚጠብቅ ምልክት አላስፈለገውም። ዜሮ የግድ የሚሆነው ቁጥሩ ዋጋውን ከቆመበት ቦታ ሲያገኝ ነው።

20ኛው ግን አንድ ድንጋይ ጨመረ። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ነው። ምልክቱ ባይኖርም ቃሉ አለን ይላል፦ አልቦ፤ የለም ማለት ነው። 2006 ዓ.ም.ን እንዳለ ሠርቶ አሳየን። 5500 ሲደመርበት 7506 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ይደርስና 1 ይተርፋል። ከተረፈው አንዱ ለዘመኑ ይነሣል። ቀሪ የለም። ስለዚህ የዚያ ዓመት ወንበሩ፣ ማለትም ቀሪው፣ አልቦ፣ ከእሱ የሚወጣው አበቅቴውም አልቦ ነው። ሒሳቡ እዚያ አይቆምም፤ አልቦውን ይዞ እስከ ፋሲካ ድረስ ይሄዳል። ወረቀት አውጥቼ ደገምኩት፤ ልክ ነው። 4ኛው ሰው ተመልሶ ይህን በደስታ ነው የተቀበለው፤ ንዴቱም በረደ።

21ኛው ከርእስ ወጣ፤ ግን አልከፋኝም። የጌታ አምስቱ ችንካሮች ስም ተብለው የሚጠሩትን ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስን አነሣ። በላቲን ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ ይባላሉ። አምስት በአምስት ሆነው ሲደረደሩ ከላይም ከታችም ከግራም ከቀኝም አንድ ዓይነት ይነበባሉ። በ79 በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው የፖምፔይ ግድግዳ ላይም ተገኝተዋል። 22ኛው ይህ አስማት ነው ብሎ ተቆጣ። 23ኛው አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ስለ ዜሮ መከራከራችን አናዶታል። መልስ የሰጠው የለም።

24ኛው መልሶ ወደ ቁም ነገሩ አመጣን። ባግዳድ ውስጥ በ9ኛው መቶ ዘመን አል ኪንዲ የተባለ ሊቅ የተደበቀ ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈታ ጽፏል። ዘዴው ቆጠራ ነው። በቋንቋው ብዙ ጊዜ የሚደጋገመውን ፊደል እወቅ፤ በተደበቀው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚደጋገመውን ምልክት ፈልግ፤ ሁለቱን አገጣጥም። የማንቱዋዎቹ ብዙ ምልክትና የሬዲዮው ባዶ ይህን ቆጠራ ማበላሻ ናቸው። ዐረቦች ግን ይህን ጥበብ ሲፍር ብለውት አያውቁም፤ «ተዕሚያ» ነው ያሉት። ቃሉ ከዕውርነት ሥር የወጣ ነው፤ ጽሑፉን ለዓይን ማጨለም። እንግዲህ ባዶን ከምስጢር ጋር ያጋቡት ዐረቦች አይደሉም፤ አውሮፓ ነው።

25ኛዋ ዋትስአፕ ላይ የሚላከው መልእክት ይነበባል ወይ ብላ ጠየቀች። 26ኛው ስልኩ ላይ የሚወጣውን የማረጋገጫ ቁጥር አሳያት። አምስት አምስት እየሆነ በ12 ቦታ የተከፈለ 60 አሃዝ ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አይተው አንድ ከሆነ መሥመሩ የራሳቸው ነው። ሽቱትጋርት ካለ ወንድሟ ጋር እየተነባበቡ አረጋገጡ። እሱ ኑል ይላል፣ እሷ ዜሮ ትላለች።

27ኛው ኢስታንቡል የሚማር ልጅ ነው። ካፌ ገብቶ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ አስተናጋጁ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠው። የይለፍ ቃል በቱርክ «ሺፍሬ» ነው፤ ከፈረንሳይ የገባ። ከፊደሎቹ መሐል ያለው ክብ ነገር ኦ ይሁን ዜሮ አልለይ ስላለው ጠየቀ። «ሲፍር» አለው አስተናጋጁ፤ ዜሮ ማለቱ ነው። ይሄኛው ከዐረብኛ የገባ ነው። በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ሁለቱም እህትማማቾች ተገናኙ።

28ኛውና 29ኛው ምስጋና ናቸው። 30ኛው የ6ኛው መምህር ናቸው፤ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። ዐረቦች ዛሬ ኮድን «ሺፍራ» ይሉታል። የሰጡት ቃል በአውሮፓ ዞሮ፣ በፈረንሳይ አፍ ተለውጦ፣ እንግዳ መስሎ ቤታቸው ተመለሰ።

31ኛዋ ያቺ የጅዳዋ እህት ናት። የመምህሩን ምላሽ ለማዳሟ ልጅ አነበበችለት። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው። ደብተሩን አመጣና ሁለቱን ቃላት አንዱን ከአንዱ በታች ጻፈላት፤ ከላይ ሲፍር፣ ከታች ሺፍራ። ፎቶውን ለጥፋዋለች። የላይኛው በሷድ ይጀምራል፤ የታችኛው በሺን፣ ሦስት ነጥብ በላዩ ላይ። እሷም በጎኑ በአማርኛ ባዶ፣ ምስጢር ብላ ጽፋበታለች። ከባዶ ጎን ደግሞ 05 አለ።